እውነት ወይስ ተረት? የአሉሚኒየም የውድድር ብስክሌት

ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ለመግዛት የተነሳ ሰው ገና ዋጋ ሳይጠይቅ ምክር ይዘንብበታል። «አሉሚኒየም ከሆነ ተወው፣ ወገብህን ይቆርጥሃል» የሚል አለ። «አምስት ዓመት ካለፈው ፍሬሙ ሞቷል» የሚል አለ። «ለጀማሪ እንጂ ለውድድር አይሆንም»፣ «አሉሚኒየም አይዝግም፣ እንደፈለግክ ንዳው»፣ «ቢሰነጠቅም አርጎን የሚበይድ እስካለ ችግር የለም» የሚሉም አይጠፉም። ሁሉም የሚናገሩት በቅንነት ነው። አንዳንዱ ምክር ከሠላሳ ዓመት በፊት እውነት ነበር፣ አንዳንዱ ግማሹ እውነት ነው። የመጨረሻው ግን ሰው ሊጎዳ የሚችል ነው፤ ስለዚህ ሰፊ ቦታ እሰጠዋለሁ።

አብዛኞቹ ከአንድ ሥር የበቀሉ ይመስለኛል። ማዕድኑንና ከማዕድኑ የተሠራውን ፍሬም አንድ አድርገን እናያለን። «ብረት እንዲህ ነው፣ አሉሚኒየም እንዲያ ነው» ስንል የቱቦውን ስፋት፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ ከብየዳ በኋላ የገባበትን ምድጃ፣ የጎማውን ንፋስ ሁሉ ረስተን በስም ብቻ እንፈርዳለን። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ «አሉሚኒየም ከብረት የበለጠ ግትር ስለሆነ ያንገጫግጫል»

ከማዕድኑ እንጀምር። እኩል ርዝመትና እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ አንዱ የብረት ሌላው የአሉሚኒየም፣ በአንድ ጫፋቸው ታስረው በሌላው ጫፋቸው እኩል ክብደት ቢንጠለጠልባቸው፣ አሉሚኒየሙ የብረቱን ሦስት እጥፍ ያህል ይለመጣል። አሉሚኒየም ከብረት የበለጠ ግትር ሳይሆን በሦስት እጥፍ ያህል ለስላሳ ነው። ክብደቱም እንዲሁ ሲሶ ገደማ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብረት 7.8 ግራም ሲመዝን፣ ያው መጠን አሉሚኒየም 2.7 ግራም ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ በጎዳና ላይ ታይቷል። በ1979 ፈረንሳይ ውስጥ ቪተስ 979 የተባለ የአሉሚኒየም ፍሬም ወጣ። ቱቦዎቹ በብየዳ ሳይሆን በማጣበቂያ የተያያዙ ነበሩ፤ ስፋታቸውም በዘመኑ ከነበረው የብረት ብስክሌት ቱቦ ብዙም አይለይም ነበር። ውጤቱ የታወቀ ነው። ፍሬሙ ቀላልና ምቹ፣ ነገር ግን ኃይለኛ ተወዳዳሪ ፔዳሉ ላይ ሲቆም ወደ ጎን የሚለመጥ ሆነ። አየርላንዳዊው ሾን ኬሊ በ1984 እና በ1986 የፓሪስ–ሩቤን ውድድር ባሸነፈባቸው ዓመታት የነዳው ይህንን ቪተስ ነው። ፓሪስ–ሩቤ ደግሞ በሰሜን ፈረንሳይ ድንጋይ በተነጠፈባቸው የገጠር መንገዶች ላይ የሚካሄድ፣ እጅና ወገብ የሚፈትን ውድድር ነው። «አሉሚኒየም ለመጥፎ መንገድ አይሆንም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ታዲያ የማንገጫገጭ ስሙ ከየት መጣ? ከአሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ የነበረው ጋሪ ክላይን ቀላል ግን ሩቅ ያስኬደ ነገር አስተዋለ። የቱቦ ግትርነት ከማዕድኑ ይልቅ በዲያሜትሩ ይወሰናል። የግድግዳው ውፍረት ሳይቀየር የቱቦው ስፋት በእጥፍ ቢያድግ ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር ግትርነቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ ቱቦውን ማስፋት ክብደት አያበዛም። ክላይን በዚህ መንገድ ሰፋፊ ቱቦ ያላቸውን ብስክሌቶች ሠራ፤ በ1983 የመጀመሪያውን ብስክሌቱን ያወጣው ካነንዴልም ያንኑ መንገድ ተከትሎ በአሜሪካ በብዛት ማምረት ጀመረ። የካነንዴል የታችኛው ቱቦ ዲያሜትር ወደ 5 ሴንቲሜትር የተጠጋ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ቀጭን የብረት ቱቦ ለለመደ ዓይን እንግዳ ነገር ነው።

እነዚህ ፍሬሞች በእርግጥም ግትር ነበሩ። በዚያ ላይ ዘመኑ የቀጭን ጎማ ዘመን ነበር። 23 ሚሊሜትር ጎማ፣ አንዳንዴም ከዚያ የጠበበ፣ እስከ 8 ባር ንፋስ ተሞልቶ ድንጋይ ሆኖ ይነዳ ነበር። በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ሲወርድ እጁ ቢደነዝዝ አይገርምም። ጥፋቱን የወሰደው ግን የማዕድኑ ስም ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ ብስክሌተኞች የማይቀበሉትን ነገር ልናገር። የውድድር ብስክሌት ፍሬም በሁለት ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ነው። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ከላይ ወደ ታች ሲጫኑት፣ ከምንም ነገር ይሠራ፣ እምብዛም አይበገርም። ነጂው ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ፣ ጉድጓድ ሲገባ፣ ፍሬሙ ወደ ታች የሚለመጠው በጣም ጥቂት ነው። ጎማው፣ ኮርቻውና የኮርቻው ዘንግ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይለመጣሉ። ስለዚህ በብረትና በአሉሚኒየም ፍሬም መካከል ወገብ የሚያውቀው ልዩነት፣ በ23 እና በ28 ሚሊሜትር ጎማ መካከል ካለው ልዩነት ጋር የሚወዳደር አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 28 ሚሊሜትር ጎማ በ5 ባር ገደማ ነፍቶ ቢነዳ፣ ያ «ወገብ ቆራጭ» የተባለው ብስክሌት ሌላ ብስክሌት ይሆንበታል። ባለሙያ ተወዳዳሪዎችም ከ23 ወደ 25፣ ከ25 ወደ 28 የተሸጋገሩት ለምቾት ብቻ አልነበረም። ሻካራ መንገድ ላይ ሰፊና ለዘብ ያለ ጎማ ብዙ ሳይነጥር ስለሚሄድ ፍጥነትም አይቀንስም።

ጎዶሎውን ደግሞ ልጨምር። የ1990ዎቹና የ2000ዎቹ መጀመሪያ የአሉሚኒየም ፍሬም ብዙ ጊዜ ከ25 ሚሊሜትር የሰፋ ጎማ አያስገባም፤ በፍሬኑና በፎርኬላው ሥር ቦታ የለም። አሮጌ ፍሬም የሚገዛ ሰው ስለ ማዕድኑ ከመጨነቁ በፊት ይህን ክፍተት በጣቱ ይለካ። ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹ ግን የካርቦን ፎርኬላና የካርቦን የኮርቻ ዘንግ ይዘው ይመጣሉ። ቱቦዎቻቸውም በከፍተኛ ግፊት ፈሳሽ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተነፍተው፣ ጎን ለጎን ግትር፣ ወደ ላይና ወደ ታች ለዘብ እንዲሉ ተደርገው የተቀረጹ ናቸው።

ተረት፦ «ለጀማሪ ነው እንጂ ለውድድር አይሆንም»

ማርኮ ፓንታኒ በ1998 ጂሮ ዲታሊያንና ቱር ደ ፍራንስን በአንድ ዓመት ሲያሸንፍ የነዳው ቢያንኪ አሉሚኒየም ነበር። ተራራ ላይ እንደ እሱ የሚወጣ አልነበረም፤ የተራራ ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ግራም ይጨነቃል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1999 ቱር፣ የሳኤኮ ቡድን ፈጣን አጨራረስ ያለው ማሪዮ ቺፖሊኒ በአሉሚኒየም ካነንዴል አራት ኤታፕ (የቀን ውድድር) በተከታታይ አሸነፈ። ከአራቱ የመጀመሪያው ከላቫል እስከ ብሎዋ 194.5 ኪሎሜትር ነበር፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 50.355 ኪሎሜትር ሆኖ ተመዘገበ። በቱር ታሪክ በጅምላ ከተነሱ የመንገድ ውድድሮች ሁሉ የፈጠነው ይህ ነው። በእርግጥ ያን ዕለት ነፋሱ ከኋላ ይገፋ ነበር። የዚያ ዘመን ውድድር በአበረታች መድኃኒት የቆሸሸ መሆኑም የታወቀ ነው። ይሁንና ሁለቱም ስለ ነፋሱና ስለ ሰዎቹ የሚነገሩ ናቸው፤ አሉሚኒየሙ በሰዓት ከ50 ኪሎሜትር በላይ ሲነዳ ምንም አልጎደለውም።

ከፓንታኒ ወዲህ ቱር ደ ፍራንስን በአሉሚኒየም ፍሬም ያሸነፈ የለም። ይህ እውነት ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ፣ የነዳው ካርቦን ነው። በ2024 ሦስት ኤታፕ ያሸነፈው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም እንዲሁ። ካርቦን ያሸነፈበት ምክንያት ግልጽ ነው። የካርቦን ጨርቅ በፈለጉት አቅጣጫ ተደራርቦ እንደ ልብስ ይነጠፋል፤ ግትር መሆን ያለበት ቦታ ይደረባል፣ መሳሳት ያለበት ቦታ ይሳሳል፤ ነፋስ የሚቀዝፍ ማንኛውንም ቅርጽ ይይዛል። አሉሚኒየም ቱቦ ይህን ሁሉ ነጻነት አይሰጥም።

ግን ከላይኛው ደረጃ ወረድ ብለን እንይ። በአሜሪካ ከተሞች ውስጥ በአጭር ዙር መንገድ ላይ የሚካሄዱ፣ መጋጨትና መውደቅ የማይጠፋባቸው ውድድሮች አሉ። እዚያ አሉሚኒየም እስከ ዛሬ ይነዳል፤ ምክንያቱም የኪስ ነገር ነው። የራሱን ብስክሌት በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ተወዳዳሪ ቢወድቅ ሊተካው የሚችለውን ይዞ መሰለፍ አለበት። በእኔ እምነት ስፖንሰር ለሌለው ወጣት ተወዳዳሪ፣ ከማይታወቅ ቦታ ከመጣ ርካሽ የካርቦን ፍሬም ይልቅ ጥሩ የአሉሚኒየም ፍሬምና የተረፈው ገንዘብ የሚገዛው ጥሩ ጎማ ይሻለዋል።

ግማሽ እውነት፦ «አሉሚኒየም ይከብዳል»

ከካርቦን ጋር ሲነጻጸር አዎን። ከምርጦቹ የአሉሚኒየም ፍሬሞች አንዱ የሆነው የካነንዴል ካድ 12 በመካከለኛ ቁመት 1,100 ግራም ገደማ ነው። ምርጥ የሚባሉት የካርቦን ፍሬሞች 700 እና 800 ግራም ይመዝናሉ። ልዩነቱ 300 ወይም 400 ግራም ነው።

ይህ በዳገት ላይ ምን ማለት ነው? ነጂውና ብስክሌቱ አብረው 70 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። 400 ግራም ከዚህ ውስጥ ከመቶ 0.6 እንኳ አይሞላም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው 30 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ የ400 ግራም ልዩነት 10 ሰከንድ ገደማ ያስጨምረዋል። ለቱር ተወዳዳሪ 10 ሰከንድ ትልቅ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ግን ከ2000 ጀምሮ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ በታች እንዳይሆን ደንግጓል፤ በጥሩ ቸርኬና ጥሩ ዕቃ የተገጠመ የአሉሚኒየም ብስክሌት 7 ኪሎ ተኩል አካባቢ ሊሆን ይችላል።

ሜዳ ላይ ደግሞ ክብደት ከናካቴው ሁለተኛ ነው። በሰዓት 40 ኪሎሜትር ሲነዳ ነጂውን ወደ ኋላ ከሚይዘው ኃይል አብዛኛው የአየር ግፊት ነው፤ ከዚያ ግፊት ውስጥም ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የሰውየው ገላ ነው። ክርኑን ያጠፈ፣ የሚንገዋለል ጃኬቱን አውልቆ የተጣበቀ ማሊያ የለበሰ ሰው ፍሬም ከቀየረ ሰው የበለጠ ያተርፋል።

ግማሽ እውነት፦ «ከአምስት ዓመት በኋላ ፍሬሙ ይሞታል»

በዚህ ተረት ውስጥ እውነተኛ ሳይንስ ተደብቋል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ማንኛውም ማዕድን ደጋግሞ ሲጫኑት ይደክማል። ብረት ግን አንድ ወሰን አለው። ከዚያ ወሰን በታች የሆነ ጫና ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገም እንኳ አይሰብረውም። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም፤ ትንሽ ጫና እንኳ እጅግ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ያደክመዋል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው «እጅግ ብዙ ጊዜ» የሚለው ወደ «አምስት ዓመት» ሲለወጥ ነው።

የፍሬም ነዳፊው ይህን ስለሚያውቅ ጫናው ከመጀመሪያው ዝቅተኛ እንዲሆን አድርጎ ይሠራል። ሰፊ ቱቦ ጠቃሚ የሆነው ለግትርነት ብቻ አይደለም፤ ጫናውን በሰፊ አካል ላይ ይበትነዋል። ቱቦው ጫፎቹ ላይ፣ ብየዳው ባለበት፣ ወፍራም ይደረጋል፤ መሃሉ ይሳሳል።

የጀርመኑ ቱር መጽሔት በ1990ዎቹ መጨረሻ ያሠራው ፈተና እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በዘመኑ ውድ ከሚባሉት 12 ፍሬሞች ተመርጠው በማሽን ላይ ተወጠሩ፤ ከብረት፣ ከታይታኒየም፣ ከአሉሚኒየምና ከካርቦን የተሠሩ ነበሩ። ማሽኑ እንደ ብርቱ ብስክሌተኛ እግር ፔዳሉን 100,000 ጊዜ፣ ከዚያም ኃይሉን ጨምሮ ሌላ 100,000 ጊዜ ረገጠ። ሳይሰነጠቁ የወጡት ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ካርቦን ነው፤ ሁለቱ፣ ካነንዴልና የዴንማርኩ ፕሪንሲፒያ፣ አሉሚኒየም ነበሩ። ከብረትና ከታይታኒየም አንድም አልተረፈም። ሌሎች አሉሚኒየሞችም ተሰንጥቀዋል፤ ስለዚህ ፈተናው «አሉሚኒየም ይበልጣል» አላለም። ያሳየው አሠራሩ ከማዕድኑ እንደሚበልጥ ነው። ከያንዳንዱ የተፈተነው አንድ አንድ ፍሬም ብቻ ስለነበር ከዚህ በላይ መለጠጥም ተገቢ አይሆንም።

የአውሮፕላኑ ዓለም ሁለቱንም ወገን ያሳያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች አካላቸው አሉሚኒየም ነበር። የዚያው ቤተሰብ የሆኑ የዲሲ-3 አውሮፕላኖች ከሰማንያ ዓመት በኋላም በአንዳንድ የዓለም ክፍል ይበርራሉ። በሌላ በኩል በ1988 የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በሃዋይ ሰማይ ላይ የጣሪያው ትልቅ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ፤ ምክንያቱም በሺዎች በሚቆጠሩ በረራዎች የመጣ የማዕድን ድካምና ዝገት በጊዜ አለመታየቱ ነበር። አሉሚኒየም ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ግን የሚመረምረው ዓይን ይፈልጋል።

«ሞተ» የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ መሰበሩን ሳይሆን መለስለሱን ማለታቸው ነው፤ አሮጌ ፍሬም ኃይል ይበላል ይላሉ። ይህ ንጹህ ተረት ነው። የአሉሚኒየም ግትርነት በመነዳት ብዛት አይቀንስም። ያልተሰነጠቀ የ20 ዓመት ፍሬም የተሠራ ዕለት እንደነበረው ይለመጣል። ለሰለሰ የተባለው ብስክሌት ብዙ ጊዜ ያረጀ ጎማ፣ የላላ ቸርኬ ወይም የፔዳሉ ማዕከል ያለቀ ኩሽኔታ ይዞ ይገኛል።

ተረት፦ «ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል»

ፍሬም ላይ 6061 ወይም 7005 የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ቁጥሩ የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ከአሉሚኒየሙ ጋር ምን እንደተቀላቀለ ይናገራል። በ6 የሚጀምሩት ዋና ቅይጣቸው ማግኒዚየምና ሲሊከን ነው፤ በ7 የሚጀምሩት ዚንክ። ከሁለቱም ጥሩ ብስክሌት ወጥቷል። «ስካንዲየም» ተብለው የተሸጡት ውድ ፍሬሞችም አሉሚኒየም ናቸው፤ ስካንዲየሙ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ቅይጡ በሶቪየት ኅብረት ለጦር አውሮፕላን የተሠራ ነው፤ ብስክሌት ውስጥ ቱቦውን ይበልጥ ለማሳሳት ረድቷል። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

ግማሽ እውነት፦ «አሉሚኒየም አይዝግም»

እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። አየር እንደነካው በላዩ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይፈጥራል፤ ያ ሽፋን የቀረውን ይጠብቀዋል። ጠላቱ ግን ጨውና የሌላ ማዕድን ጎረቤትነት ነው። የብረት ብሎን ወይም የካርቦን የኮርቻ ዘንግ አሉሚኒየም ውስጥ ገብቶ ጨዋማ እርጥበት ሲያገኘው፣ በመካከላቸው ትንሽ ባትሪ የተፈጠረ ያህል ኤሌክትሪክ ይመላለሳል፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ነጭ ዱቄት ይወጣል፣ ቀለሙ ያብጣል፣ ዘንጉ ከፍሬሙ ጋር ይጣበቅና በመዶሻም አልወጣ ይላል። ላብ ጨው ነው። በዱባይ ሙቀት አል ቁድራ መንገድ ላይ የሚነዱ፣ ወይም ክረምቱን ቤት ውስጥ ቆመው ፔዳል የሚመቱ ሰዎች ብስክሌታቸውን በላብ ያጥቡታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በንጹህ ውሃ ማጠብ፣ የአሉሚኒየም ዘንግን ግሪስ ቀብቶ ማስገባት (ለካርቦን ዘንግ የራሱ ቅባት አለው)፣ በየጥቂት ወሩም አውጥቶ ማየት ነው።

አደገኛ ተረት፦ «ቢሰነጠቅም አርጎን የሚበይድ ካለ ችግር የለም»

ጎበዝ የአርጎን በያጅ የአሉሚኒየም በር፣ የመኪና ራዲያተር፣ የሞተር ሽፋን አሳምሮ ይበይዳል። የእጁን ችሎታ አልጠራጠርም። ብስክሌት ፍሬም ላይ ያለው ችግር ግን ከእጅ ችሎታ ውጭ ነው።

የ6061 ፍሬም ጥንካሬውን የሚያገኘው ከቅይጡ ብቻ አይደለም፤ ከምድጃው ነው። ፋብሪካው ቱቦዎቹን ከበየደ በኋላ ፍሬሙን በሙሉ ወደ 530 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ያግለዋል፤ ከዚያ በድንገት ያቀዘቅዘዋል። በዚያች ሰዓት ፍሬሙ ገና ለስላሳ ስለሆነ ጠማማነቱ ተለክቶ ይቃናል። ቀጥሎ በ175 ዲግሪ ገደማ በሌላ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል፤ የሚጠነክረው እዚያ ነው። 7005 የመጀመሪያውን ግለት ባይፈልግም ሁለተኛውን ምድጃ ግን ይፈልጋል።

በያጁ ያንን ፍሬም እንደገና ሲበይደው፣ በስንጥቁ ዙሪያ ያለው አሉሚኒየም የምድጃውን ሥራ በደቂቃ ውስጥ ያጣል። እዚያ አካባቢ ያለው ጥንካሬ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ስንጥቁ ተደፍኗል፤ መስመሩ ያምራል፤ ቀለም ሲቀባ አይታይም። ከብየዳው አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ግን ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማይወፍር ለስላሳ ግድግዳ አለ፤ ነጂው ቁልቁለት ላይ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ሲወርድ ክብደቱ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ሲግል ስለማይቀላ፣ ሙቀቱ እስከ የት እንደደረሰም በዓይን አይታወቅም።

ለዚህ ነው የብረት ፍሬም ከተሰበረ በማንኛውም ጥሩ በያጅ ሊድን ይችላል፣ ካርቦንም በባለሙያ ሊጠገን ይችላል፣ አሉሚኒየም ግን አይጠገንም የሚባለው። ይህኛው ተረት አይደለም። የተጣመመ አሉሚኒየምን ቀጥ አድርጎ መመለስም እንደዚያው አይመከርም፤ ማቃናቱ ራሱ ስንጥቅ ይወልዳል። ከዚህ ነጻ የሆነው የኋላው ካምቢዮ የሚንጠለጠልበት ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው። እሱ ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገ፣ በብሎን የሚታሰር፣ ብስክሌቱ ሲወድቅ ፍሬሙን አድኖ እንዲታጠፍ የታሰበ ነው፤ በጥንቃቄ ይቃናል፣ ካልሆነም ይቀየራል።

ስለዚህ ሥራው ከስንጥቅ በፊት ነው። ብስክሌቱ ታጥቦ በደረቀ ቁጥር፣ ብርሃን ባለበት፣ ሦስት ቦታ ማየት ነው። አንደኛው የታችኛው ቱቦ ከመሪው ራስ ጋር የሚገናኝበት ሥሩ፣ ሁለተኛው በፔዳሉ ማዕከል ዙሪያ ያለው ብየዳ፣ ሦስተኛው የኮርቻው ዘንግ የሚገባበት አንገት ነው። የቀለም ጭረት በጥፍር ሲዳበስ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ስንጥቅ የብየዳውን ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም ጠርዙ ላይ ጥቁር አቧራ ይይዛል። ከፊት ለፊት ተጋጭቶ የነበረ ብስክሌት ከመሪው ራስ ጀርባ ቱቦው ላይ የተጨማደደ ሞገድ ካለው፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢቀንስ መተው ነው። አዲስ የመጣ፣ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር የሚሰማ ሲጥሲጥታም ብሎን ከተጠበቀና ግሪስ ከተቀባ በኋላ ካልጠፋ ፍሬሙን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ስንጥቁ ከተገኘ ቸርኬው፣ ፍሬኑ፣ ካምቢዮው፣ ኮርቻው ወደ ሌላ ፍሬም ይዛወራሉ፤ የብስክሌቱ ዋጋ ብዙው እዚያ ነው ያለው። ባዶው ፍሬም በመጋዝ ለሁለት ተቆርጦ ለቆራሌው ይሰጥ። አሉሚኒየም እንደገና ሲቀልጥ ከማዕድን አፈር ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል ከመቶ አምስት እጅ ያህሉን ብቻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቆራሌው ይገዛዋል። ሳይቆረጥ ግን አይሰጥ፤ በሳምንቱ ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ለሌላ ልጅ እንዳይሸጥ።